«አላየሁትም» እንዳይባል

ልጆቻችን ብስክሌት ይዘው ወደ አስፋልት እየወጡ ነው። አሽከርካሪዎች በጊዜ እንዲያዩአቸው ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ከመኪና አደጋ በኋላ ከአሽከርካሪዎች አንደበት ቶሎ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ «አላየሁትም»። ሰሚው ብዙውን ጊዜ ቃሉን እንደ ሰበብ ይቆጥረዋል። አንዳንዴ በእርግጥ ሰበብ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እውነት ነው፤ ሰውየው አላየም። ወይም ያየው ዘግይቶ፣ ፍሬን መርገጥ ዋጋ በሌለው ሰዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ስለምትዘገየው ቅጽበት ነው። ቅጽበቷን ማስረዘም ይቻላል። አብዛኛው ዘዴም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በአዲስ አበባ ብስክሌት እንደገና ነፍስ የዘራ ይመስላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች ዳር፣ ከእግረኛው መሄጃ ጎን የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ ባሉት መንገዶች ወላጅና ልጅ ተከታትለው ሲነዱ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው የእሑድ መርሐ ግብርም ለብዙ ሕፃናት የመጀመሪያውን የአስፋልት ጉዞ አቅምሷቸዋል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳማ ከተሞች ስለሆኑ ብስክሌት እዚያ ከድሮም የሠራተኛውና የተማሪው መጓጓዣ ነው።

ችግሩ የብስክሌት መስመር የሆነ ቦታ ላይ ማለቁ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቋረጣል፤ በነዳጅ ማደያ መግቢያ፣ በሕንፃ መኪና ማቆሚያ በር ፊት ያልፋል። ከመስመሩ እስከ ቤት ባለው የሰፈር መንገድ ላይ ደግሞ ጭራሹን የለም። ልጃችን ከመኪና ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ቦታዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ከማንኛውም በሽታ ቀድሞ የሚገኘው የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው። ጉዳዩ የወላጅ ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ዓይን አይቶ አእምሮ ሲያልፈው

አንድ አሽከርካሪ ከቅያስ ወደ ዋና መንገድ ሲወጣ ግራ ቀኙን በፍጥነት ይቃኛል። ዓይናችን ግን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ሳያቋርጥ አይቀርጽም፤ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ እየዘለለ ነው የሚሄደው። በዝላዩ መካከል ያለው ነገር ከአእምሮ አይደርስም፤ አእምሮ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። አውቶቡስ በዚህ ክፍተት ውስጥ አይጠፋም። ቀጭን ብስክሌት ግን ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። አእምሮ ቶሎ የሚለየው የሚጠብቀውን ነገር ነው። በከተማችን አስፋልት ላይ አሽከርካሪው የሚጠብቀው ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ሃይገርና የቤት መኪና ነው። ብስክሌት ገና በብዛት አልተለመደም። ስለዚህ ዓይኑ ያረፈበትን ብስክሌተኛ አእምሮው ሳይመዘግበው ሊያልፍ ይችላል።

ሦስተኛው የመኪናው አካል ነው። በፊት መስታወቱና በበሩ መስታወት መካከል ያለው ምሰሶ ከሩቅ የሚመጣን ብስክሌተኛ ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። መኪናውና ብስክሌቱ ወደ አንድ መገናኛ ነጥብ በተመጣጣኝ ፍጥነት እየቀረቡ ከሆነ፣ ብስክሌተኛው ለብዙ ሴኮንዶች ከምሰሶው ጀርባ ሳይወጣ ይቆያል። የከባድ መኪና ነጂ ችግር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከፍ ብሎና በግራ በኩል ስለሚቀመጥ ከመኪናው አፍንጫ ሥርና ከቀኝ ጎኑ ያለውን ብዙ ቦታ ማየት አይችልም። በዚያ ቦታ የቆመ ልጅ ምንም ዓይነት ልብስ ቢለብስ ለነጂው የለም።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ያወቀ ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ የሚጠይቀው ጥያቄ ይቀየራል። «መንገዱ ላይ ነኝ፣ ያዩኛል» ማለቱን ትቶ «ከምን ያህል ርቀት ያዩኛል? ምን እንደሆንኩስ ይገባቸዋል?» ይላል።

የሁለት ሴኮንድ ሂሳብ

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያዛውር አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ መኪናው 21 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ሥራውን ይጀምራል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ተጨማሪ 14 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ 35 ሜትር ነው። ዝናብ ሲሆን ይረዝማል፤ ጎማው ያለቀ ከሆነም እንዲሁ።

አሁን ሌላውን ወገን እንይ። በምሽት፣ የመንገድ መብራት በሌለበት፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሰው በአጭር የመኪና መብራት የሚታየው ከ30 ሜትር ገደማ ነው። 30 ሜትር ማለት በዚህ ፍጥነት ሁለት ሴኮንድ ናት። መኪናው ለመቆም 35 ሜትር ይፈልጋል፤ ልጁ የታየው ከ30 ሜትር ነው። ነጂው ጠንቃቃ ቢሆን፣ ስልክ ባይነካ፣ ባይጠጣም ቀሪዋ 5 ሜትር የለችም።

አንጸባራቂ ነገር ያደረገ ሰው ግን በዚያው መብራት ከ130 ሜትር በላይ ርቀት ሊታይ ይችላል። ሁለቷ ሴኮንድ ከዘጠኝ ሴኮንድ በላይ ትሆናለች። በዘጠኝ ሴኮንድ ውስጥ ሰው ፍጥነት ይቀንሳል፣ መስመሩን ያሰፋል፣ ቢያስፈልግ ይቆማል።

በእኛ አገር ይህ ሂሳብ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ማታው የሚመጣው በሩጫ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ለመውደቅ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይፈጅም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ «ገና ብርሃን ነው» ብሎ ከቤት የወጣ ልጅ ሲመለስ ጨለማ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚጣደፍበት ነው።

የቀን ቀለም፣ የማታ ቀለም

ብዙ ቤተሰቦች አንድ ደማቅ ቢጫ ሰደርያ ገዝተው ነገሩን የጨረሱ ይመስላቸዋል። ሰደርያው መልካም ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉበት ማወቅ ያስፈልጋል።

ደማቁ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ የቀን ቀለም ነው። በዓይን የማይታየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጠው ከተራ ቀለም የበለጠ ያበራል። በደመናማ ቀንና በወገግታ ሰዓት በተለይ ይጠቅማል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ኃይሉ አብሯት ይጠልቃል። በማታ ያ ውድ ቢጫ ከተራ ነጣ ያለ ልብስ ብዙም አይለይም።

በሰደርያው ላይ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ደግሞ የማታ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ወደመጣበት አቅጣጫ መልሶ ይልከዋል። የመኪናው መብራት ከነጂው ዓይን ብዙም ስለማይርቅ፣ ተመላሹን ብርሃን ነጂው ያየዋል። ጥብጣቡ እውነተኛ አንጸባራቂ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ስልካችሁን በፍላሽ ፎቶ አንሱበት፤ በፎቶው ላይ እንደ አምፖል ቦግ ካለ ትክክለኛ ነው። ግራጫ ሆኖ ከቀረ ጌጥ ነው።

ጥብጣቡ የት ይሁን የሚለውም ለውጥ ያመጣል። በአውስትራሊያ በምሽት መንገድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አሽከርካሪዎች ብስክሌተኛን ቶሎ የሚለዩት አንጸባራቂው ደረት ላይ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ሲሆን ነው። ደረት ላይ ያለ ብርሃን ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ምልክት ሰሌዳም፣ የቆመ ነገርም ሊመስል ይችላል። ከፔዳሉ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ብርሃን ግን ሰው እንደሆነ ወዲያው ይናገራል። አእምሯችን የሰው እንቅስቃሴን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለት የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ግን ከብዙ ዕቃ በላይ ነው። ፔዳሉ ላይ ያሉት ብርቱካናማ አንጸባራቂዎችም ሥራቸው ይኸው ስለሆነ ተሰብረው ከሆነ አስተኩ።

አንድ ነገር አትርሱ። ልጅ ቦርሳ ሲያዝል ሰደርያው ከቦርሳው ሥር ይቀበራል። ከኋላ ለሚመጣ መኪና የሚታየው ቦርሳው ነው። ጥብጣቡን ቦርሳው ላይ ስፉ ወይም ለጥፉ።

የደማቅ ልብስ ነገር ከንቱ ምክር እንዳልሆነ ከዴንማርክ የተገኘ ማስረጃ አለ። 6,793 ብስክሌተኞች ለአንድ ዓመት በተካፈሉበት ጥናት ግማሾቹ ደማቅ ቢጫ ጃኬት እንዲለብሱ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ እንደወትሮው ነዱ። ጃኬት ከተሰጣቸው ወገን ከሌላ የመንገድ ተጠቃሚ ጋር ተጋጭቶ የተጎዳው ሰው 47 በመቶ ያነሰ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ጃኬት የለበሱት አደጋቸውን አሳንሰው ሪፖርት አድርገው ሊሆን ይችላል በሚል ውጤቱን ሲያስተካክሉት እንኳ 38 በመቶ ቀረ።

ከሁሉ በፊት መብራት

ለቤተሰቡ ብስክሌት የተመደበው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መብራት ግዙ። አንጸባራቂ የሚሠራው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። ከቅያስ የሚወጣ መኪና መብራቱ ወደ ፊቱ እንጂ ወደ ጎን አይበራም፤ ከጎን የሚመጣውን ብስክሌት አያገኘውም። የራሱ መብራት ያለው ብስክሌት ግን የማንንም መብራት አይጠብቅም።

ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፤ ይህ በመላው ዓለም የተለመደ ቋንቋ ነው። ቀዩን ፊት ላይ ማድረግ ነጂውን ያሳስታል፤ ወደ እሱ የሚመጣውን ከፊቱ የሚሄድ አድርጎ ያያል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ትኩረት ይስባል፤ ቀጥ ብሎ የሚበራው ግን ርቀትን ለመገመት ይቀላል። ሁለት የኋላ መብራት ካላችሁ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ አድርጉት። የፊቱን ትንሽ ወደ መሬት አዘንብሉት፤ ነጂውን ያሳወረ መብራት ለማንም አይበጅም።

መብራት ለማታ ብቻ አይደለም። በዴንማርኳ ኦደንስ ከተማ 3,845 ብስክሌተኞች በተካፈሉበት ሌላ ጥናት፣ ቀንም ማታም ሳይጠፋ የሚበራ መብራት የተገጠመላቸው ሰዎች ካልተገጠመላቸው ይልቅ አደጋቸው 19 በመቶ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ክረምት ላይ፣ ወይም ቀጥሎ እንደምናየው ፀሐይ ዝቅ ባለች ሰዓት፣ በቀንም አብሩት።

ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል እሑድ ማታ ከልጆች የትምህርት ቤት ዝግጅት ጋር አብራችሁ ቻርጅ አድርጉ። ጃኬት ወይም ኮርቻው ላይ የተጫነ ዕቃ የኋላውን መብራት እንዳይሸፍን ከመውጣታችሁ በፊት ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ገንዘብ የማይጠይቀው መታየት

መብራቱም ሰደርያውም ያለው ሰው የማይታይበት ቦታ ላይ ከነዳ አይታይም። እዚህ ላይ የሚረዳው የአነዳድ ልማድ ነው።

ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አትጣበቁ። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር መንዳት ነጂው በሚመለከትበት ቦታ ላይ ያደርጋችኋል። ከቆሙ መኪናዎች አጠገብ ስታልፉም በሩ ተከፍቶ የማይደርስባችሁን ያህል ራቁ። በቆሙ መኪናዎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ገባ ወጣ ማለት አደገኛ ነው፤ በገባችሁ ቁጥር ከነጂው ዓይን ትጠፋላችሁ፣ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ድንገት ትፈጠሩበታላችሁ።

ከትራፊክ በተቃራኒ አትንዱ። አገራችን የቀኝ መስመር የምትጠቀም ናት። ከቅያስ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ነጂ የሚመለከተው ወደ ግራው ነው፤ መኪና የሚመጣበት ከዚያ ነውና። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ ልጅ ከቀኙ፣ ማንም ከማይጠባበቅበት በኩል ይመጣል። በብስክሌት መስመር ላይም ቢሆን ይህ እውነት ነው። ስለዚህ የነዳጅ ማደያና የሕንፃ መግቢያ ስትደርሱ እግራችሁን ከፔዳሉ ረገብ፣ እጃችሁን ወደ ፍሬኑ ቀረብ አድርጉ።

ከፊታችሁ ሚኒባስ ታክሲ ሲዘገይ በቀኙ ለማለፍ አትሞክሩ። «ወራጅ አለ» ከተባለ ታክሲው ወደ ዳር ይጠመዘዛል፤ ተንሸራታቹ በርም የሚከፈተው በዚያው በኩል ነው። ተሳፋሪው ሲወርድ ብስክሌት ይመጣል ብሎ አያስብም። ከኋላ ቆሞ መጠበቅ የሚያባክነው ጥቂት ሴኮንድ ነው።

በከባድ መኪና ቀኝ ጎን ፈጽሞ አትቁሙ። ትራፊክ መብራት ላይ ከገልባጭ ወይም ከአውቶቡስ ጎን ቦታ ያለ ቢመስልም ያ ቦታ የነጂው ዓይን የማይደርስበት ነው። ለልጆች ቀላሉ ደንብ ይህ ነው፤ «የነጂውን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየህ፣ እሱም አንተን አያይህም»።

የሌሎች ዓይን ላይ ከመተማመን በፊት ደግሞ የመኪናውን ጎማ ተመልከቱ። የመኪና መስታወት ጥቁር ወይም አንጸባራቂ ሲሆን የነጂውን ፊት ማየት አይቻልም። የፊት ጎማው ግን አይዋሽም፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱና ከመታጠፉ ቀድሞ ይነግራል። መታጠፍ ስትፈልጉም ወደኋላ ገልመጥ በሉ፤ ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሳዩ።

ጆሮም እንደ ድሮው አያስተማምንም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ለአየሩ በጎ ነው። ግን በዝግታ ሲሄድ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። በሞተር ድምፅ «መኪና መጣ» ማለት የለመደ ልጅ አሁን ዞር ብሎ ማየትን መልመድ አለበት። የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ከብስክሌት ጋር አይሄድም።

ጥላችሁን ተመልከቱ

ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ አመሻሽ ላይም ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ትላለች። በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ በተዘረጋ ጎዳና ላይ ነጂዎች በቀጥታ ፀሐይን ይገጥማሉ። በዚያ ሰዓት ቢጫ ሰደርያም አይረዳም፤ ነጂው የሚያየው ነጸብራቅ ብቻ ነው።

የሚረዳችሁ ጥላችሁ ነው። ረጅሙ ጥላችሁ የወደቀበት አቅጣጫ ያለ ነጂ ወደ እናንተ ሲመለከት ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ናት። ጥላችሁ ከፊታችሁ ከወደቀ ከፊት የሚመጣው አያያችሁም፤ ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አሳልፉት። ጥላችሁ ከኋላችሁ ከሆነ፣ ማለትም ፀሐይዋ እናንተን ካሳወረች፣ ከኋላ የሚመጣውንም አሳውራዋለች። ያኔ የኋላ መብራት ማብራት ወይም ከመኪናው መንገድ መውጣት ይሻላል። ይህን ለልጅ ማስተማር ጨዋታ ነው፤ አንዴ ከገባው አይረሳውም።

ክረምትም የራሱ ነገር አለው። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉትና ብስክሌት አምጡልን የሚሉት ልክ ሰማዩ በሚጠቁርበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። የመኪናው መስታወት ውስጡ በእንፋሎት፣ ውጪው በጭቃ ይሸፈናል። እርጥብ አስፋልት ላይ የመብራቶች ነጸብራቅ የአንዲት ትንሽ የብስክሌት መብራት ብርሃን ይውጣል። ዶፍ ሲጥል ጥሩው ውሳኔ ከብስክሌት ወርዶ መጠለል ነው።

ልጅ አብሮ ሲሆን

ሕፃን ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከቆመ አውቶሞቢል ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። የሚመጣ መኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመትም አይችልም፤ ይህ ችሎታ የሚጎለብተው ከዓመታት በኋላ ነው። «ጎበዝ ነው፣ ሚዛኑን ይጠብቃል» ማለት «መንገድ ማንበብ ይችላል» ማለት አይደለም።

አንድ ወላጅና አንድ ልጅ ሲነዱ ልጁ ከፊት፣ ወላጁ ከኋላና ትንሽ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መኪናው ወገን ይሁን። እንዲህ ሲሆን ከኋላ የሚመጣው ነጂ መጀመሪያ የሚያየው ትልቁን ሰው ነው፤ ወላጁም ልጁን ከዓይኑ አያጣውም። ሁለት ወላጆች ካሉ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ልጆች መካከል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁሉም ከብስክሌት ወርደው እየገፉ ይሻገሩ። ለትንንሾቹ ከኋላ ጎማው አጠገብ የሚቆም ረጅም ዘንግ ላይ የተሰቀለ ደማቅ ባንዲራ ከቆመ መኪና በላይ ይታያል።

መሪውን ስትይዙ

የዚህ መጽሔት አንባቢ ቅዳሜ ከልጁ ጋር ብስክሌት ቢነዳ፣ ሰኞ መኪና ይነዳል። እስካሁን ያልነው ሁሉ ብስክሌተኛው ራሱን እንዲጠብቅ ነው፤ ጥፋቱን በልጁ ትከሻ ላይ ለመጫን አይደለም። ባለ መኪናው የያዘው ብረት ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰደርያ ያልለበሰ ልጅም የመኖር መብት አለው።

ከቅያስ ስትወጡ ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ ተመልከቱ፤ በሁለተኛው ጊዜ አንገታችሁን ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱ፤ ከምሰሶው ጀርባ የተደበቀው ያኔ ይወጣል። ወደ ቀኝ ከመታጠፋችሁ በፊት የቀኝ ስፖኪዮውን፣ ከዚያም የብስክሌት መስመሩን እዩ። ብስክሌት ስታልፉ በብዙ አገሮች ደንብ እንደተጻፈው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ራቁ። ዳር ቆማችሁ በር ስትከፍቱ በሩን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ኔዘርላንዶች የለመዱት ዘዴ ነው፤ ቀኝ እጅ ወደ ግራው በር ሲዘረጋ ሰውነት ይዞራል፣ ዓይንም ወደኋላ ይሄዳል።

ፍጥነትን በተመለከተ ሂሳቡን እንመልሰው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ 18 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ጥቁር ልብስ ለብሶ ከ30 ሜትር የታየው ልጅ በ50 ይገጫል፣ በ30 ይተርፋል። ስልክም እንዲሁ ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት ሴኮንድ መልእክት ማንበብ ማለት 42 ሜትር ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው።

የአንድ ምሽት ሙከራ

ምክር ሰምቶ መርሳት ቀላል ነው፤ ያዩትን መርሳት ግን ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ይህን ሞክሩ።

ሰፊ ግቢ ውስጥ ወይም መኪና በማያልፍበት ጭር ያለ ቦታ መኪናችሁን አቁሙ፤ ማርሹን አውጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ አጭሩን መብራት አብሩ። አንደኛው ወላጅ ከልጁና ከብስክሌቱ ጋር ከመኪናው ፊት ሰፊ እርምጃ እየቆጠረ ይራቅ፤ አንድ ሰፊ እርምጃ አንድ ሜትር ያህል ነው። ልጁ በመጀመሪያ የትምህርት ቤት ጥቁር ሹራቡን ይልበስ። መሪው ላይ የተቀመጠው ወላጅ ልጁ የጠፋበትን እርምጃ ይመዝግብ። ከዚያ ሰደርያውን፣ ቀጥሎ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያውን፣ በመጨረሻም የኋላ መብራቱን ጨምራችሁ ድገሙት። ቀጥሎ ቦታ ተለዋወጡ፤ ልጁ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ እናቱ ወይም አባቱ ጨለማው ውስጥ ይሂዱ።

እናቱ በጥቁር ካፖርት ከ30 እርምጃ በኋላ ስትሰወርበት ያየ ልጅ «ሰደርያህን ልበስ» እየተባለ አይጨቀጨቅም። አባትም በሚቀጥለው ምሽት በሰፈሩ መንገድ ሲያልፍ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። የአበው ምክር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሁለት ማሰሪያ፣ ሁለት መብራት፣ አንድ የምሽት ሙከራ፤ ብስክሌቱን ከመግዛት ይልቅ ይህ ይቀላል።